በሲንተሳይዘር ድምፅ ማበጀትና ማደባለቅ

ሲንተሳይዘር በኤሌክትሪክ ሞገድ አማካኝነት ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ፒያኖ ክር በመምታት፣ ዋሽንት አየርን በማርገብገብ ድምፅ ያወጣሉ። ሲንተሳይዘር ግን ቮልቴጅን በፍጥነት ከፍና ዝቅ በማድረግ ሞገድ ይሠራል፤ ስፒከር ደግሞ ይህን ሞገድ ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል። በኢትዮጵያ ቁልፍ ያለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ በልማድ «ኦርጋን» ወይም «ኪቦርድ» ይባላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁ ድምፆችን የያዙ ናቸው። ሲንተሳይዘር በጠባቡ ትርጉሙ ተጫዋቹ ድምፁን ከመሠረቱ ጀምሮ ራሱ እንዲያበጅ የሚፈቅድ መሣሪያ ነው።

ይህ መጣጥፍ ሚኒሙግ ሞዴል ዲ የተባለውን መሣሪያ እንደ ምሳሌ ይወስዳል። ምክንያቱም የሚኒሙግ ማዞሪያዎች ሁሉ በፊቱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ የክፍሎቹም ቅደም ተከተል ከእርሱ በኋላ ለተሠሩ በርካታ ሲንተሳይዘሮችና የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አርአያ ሆኗል። በዚህ መሣሪያ ላይ ማደባለቅ የመጨረሻ ሥራ አይደለም። ሚክሰሩ የሚገኘው በድምፅ ምንጮቹና በፊልተሩ መካከል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ምንጭ ምን ያህል ይግባ የሚለው ውሳኔ የድምፁን መጠን ብቻ ሳይሆን የድምፁን ቀለም ይወስናል።

አጭር ታሪክ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ (1934–2005 እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ሲንተሳይዘሩን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ከሙዚቃ ደራሲው ኸርበርት ዶይች ጋር በመተባበር ነው። ያ መሣሪያ በገመድ የሚገናኙ ብዙ ሣጥኖች ስብስብ ነበር። አንድ ድምፅ ለማግኘት ተጫዋቹ ገመዶቹን አንድ በአንድ መሰካት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ሥራዎች በዚህ መሣሪያ ተጫውታ ያወጣችው አልበም ሲንተሳይዘርን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ አስተዋወቀ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ለመድረክ አይመችም ነበር። የሙግ ድርጅት መሐንዲስ ቢል ሄምሳት አስፈላጊ ክፍሎችን ብቻ መርጦ በአንድ አነስተኛ ሣጥን ውስጥ አሰባሰበ። ከዚህ ሙከራ የተነሣው ሚኒሙግ እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሠራ። ገመዶቹ በውስጥ ተገናኝተው ስለተዘጋጁ ተጫዋቹ ማዞሪያዎችን ብቻ ማዞር በቂው ሆነ። መሣሪያው እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲመረት ቆይቷል።

የድምፁ ጉዞ

ሚኒሙግ 44 ቁልፎች አሉት። በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ግን አንድ ኖታ ብቻ ነው፤ ሁለት ቁልፎች አብረው ቢጫኑ የሚሰማው ወፍራሙ ነው። የፊቱ ሰሌዳ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ያሳያል፦

• ኦሲሌተሮች፦ ጥሬውን ሞገድ የሚያመነጩ ሦስት ክፍሎች
• ሚክሰር፦ የሞገዶቹን መጠን እየወሰነ የሚያደባልቅ ክፍል
• ፊልተር፦ ከድብልቁ ውስጥ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያስቀር ክፍል
• የድምፅ ማጉያ፦ ድምፁ መቼ እንደሚነሣና እንደሚጠፋ የሚወስን ክፍል

ይህ አሠራር «ቀንሶ ማበጀት» ሊባል ይችላል። እንጨት ጠራቢ ከግንድ ላይ እየጠረበ ቅርጽ እንደሚያወጣ፣ እዚህም በመጀመሪያ ብዙ ይዘት ያለው ሞገድ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ያልተፈለገው ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ ሕግ በአብዛኛው ይሠራል፦ ፊልተር ያለውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አያመጣም።

ኦሲሌተር፦ ጥሬው ድምፅ

የአንድ ሞገድ ድግግሞሽ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚገልጽ ሲሆን የሚለካው በሄርዝ ነው። ድግግሞሹ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይወፍራል። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ይወጣል።

ከሳይን ሞገድ በቀር ማንኛውም የሚደጋገም ሞገድ የብዙ ድምፆች ጥምረት ነው። ለምሳሌ 220 ሄርዝ ባለው ሞገድ ውስጥ 440፣ 660፣ 880 እያለ የሚቀጥል ተከታታይ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሐርሞኒክ ይባላሉ። ጆሮ ሐርሞኒኮቹን ለየብቻ አይሰማቸውም፤ እንደ አንድ ድምፅ ቀለም ይቀበላቸዋል። በሚኒሙግ ላይ የሚገኙት ዋና ዋና ሞገዶች የሚለያዩት በሐርሞኒኮቻቸው ነው፦

• የመጋዝ ጥርስ ሞገድ፦ ሁሉም ሐርሞኒኮች አሉት። 2ኛው የመጀመሪያውን ግማሽ፣ 3ኛው ሲሶውን ያህል ጉልበት ይዞ ይቀጥላል። ድምፁ ሞላ ያለና ሻካራ ነው።
• ካሬ ሞገድ፦ ጎዶሎ ቁጥር ሐርሞኒኮች (1፣ 3፣ 5...) ብቻ አሉት። ድምፁ ባዶ ቦታ እንዳለው፣ ከእንጨት የሚወጣ ዓይነት ነው።
• ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ፦ ይህም ጎዶሎዎቹን ብቻ ይይዛል፣ ነገር ግን ቶሎ ይደክማሉ። 3ኛው ሐርሞኒክ የመጀመሪያው 1/9 ብቻ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው።
• ፐልስ ሞገድ፦ እንደ ካሬ ሆኖ የላይኛው ክፍሉ ከታችኛው የጠበበ ነው። በጠበበ መጠን ድምፁ እየቀጠነና በአፍንጫ የሚወጣ እየመሰለ ይሄዳል።

እያንዳንዱ ኦሲሌተር ኦክታቭ የሚመርጥ ማዞሪያ አለው። በላዩ የተጻፉት 32፣ 16፣ 8፣ 4 እና 2 የሚሉት ቁጥሮች ከአብያተ ክርስቲያናት ትልልቅ የቧንቧ ኦርጋኖች የተወረሱ ናቸው። ቁጥሮቹ የቧንቧውን ርዝመት በጫማ ያመለክታሉ፤ ቧንቧው በግማሽ ሲያጥር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል።

ሚክሰር፦ የማደባለቅ ሥራ

የሚኒሙግ ሚክሰር አምስት ምንጮችን ይቀበላል፦ ሦስቱን ኦሲሌተሮች፣ ኖይዝ እና ከውጭ በገመድ የሚገባ ድምፅ። እያንዳንዳቸው ማብሪያ ማጥፊያና ከ0 እስከ 10 የሚዞር የመጠን ማዞሪያ አላቸው። ሥራው ቀላል መደመር ነው፤ ውጤቱ ግን ከሚጠበቀው በላይ የተለያየ ነው።

ምት። አንዱ ኦሲሌተር በ220፣ ሌላው በ221 ሄርዝ ቢቃኙ ሁለት የተለያዩ ድምፆች አይሰሙም። የሚሰማው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል አንድ ድምፅ ነው። ሞገዶቹ አንድ ጊዜ አብረው ሲገፉ ይደመራሉ፣ ሌላ ጊዜ በተቃራኒ ሲገፉ ይጣፋሉ። የምቱ ፍጥነት የሁለቱ ድግግሞሽ ልዩነት ነው። የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ሲሆን ነገሩ የበለጠ ያምራል፤ 2ኛው ሐርሞኒክ (440 እና 442) በሴኮንድ ሁለት ጊዜ፣ 3ኛው ሦስት ጊዜ ይመታል። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ስለሚንቀሳቀስ ድምፁ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወት ያህል ይሰፋል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ማዞሪያዎች ሥራ ይከፋፈላሉ። መቃኛው የምቱን ፍጥነት ሲወስን፣ የሚክሰሩ ማዞሪያ የምቱን ጥልቀት ይወስናል። የሁለቱ መጠን እኩል ከሆነ ድምፁ ከእጥፍ ተነሥቶ እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግማሽ ቢሆን ግን ከ1.5 እስከ 0.5 ባለው መካከል ብቻ ይወዛወዛል። ስለዚህ ድምፁ በጣም ተንቀጠቀጠ የሚል ተጫዋች ቅኝቱን ሳይነካ የአንዱን መጠን ቢቀንስ ሊስተካከልለት ይችላል። በተጨማሪም ልዩነቱ በኖታዎች ላይ እኩል አይደለም፤ በ220 ሄርዝ በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመታው ቅኝት፣ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ በ880 ሄርዝ አራት ጊዜ ይመታል። ስለሆነም ቅኝቱ የሚፈተነው ዜማው በሚጫወትበት የቁልፍ ክልል ላይ ነው።

ኦክታቭና አምስተኛ። አንዱ ኦሲሌተር ከሌላው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ቢል ድምፁ መሠረት ያገኛል፤ ሐርሞኒኮቻቸው ስለሚገጣጠሙም እንደ አንድ ድምፅ ይሰማሉ። ሌላው የተለመደ ድብልቅ ሁለተኛውን በ7 ግማሽ ድምፅ (በአምስተኛ) ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ጉልበት ይጨምራል፣ ነገር ግን በአምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። በእነዚህ ላይ አምስተኛ ሲጨመር በቅደም ተከተል ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ እና ሚ ይሰማሉ። ሲ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ተጫዋቹ በትክክል እየተጫወተ ሚ በመጣ ቁጥር መሣሪያው ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ ያሰማል ማለት ነው። በኦክታቭ ግን ይህ አይደርስም።

ኖይዝ። ኖይዝ የተለየ ኖታ የሌለው የ«ሽሽ» ድምፅ ነው። ነጩ ኖይዝ ሹል ሲሆን፣ ሮዝ ኖይዝ የሚባለው ወፍራሙን ክፍል ስለሚያጎላ እንደ ንፋስ ለስለስ ያለ ነው። ለብቻው ከበሮና ነፋስ ለመምሰል ያገለግላል። በጥቂቱ ሲደባለቅ ደግሞ የትንፋሽ ወይም የደጋን ፍትጊያ ስሜት ይሰጣል።

ሞልቶ መፍሰስ። የሚክሰሩ ማዞሪያዎች በጣም ከፍ ሲሉ የሚወጣው ሞገድ ፊልተሩ በንጽሕና ሊቀበል ከሚችለው ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሞገዱ ጫፍ ይድበሰበሳል፤ አዳዲስ ሐርሞኒኮችም ይፈጠራሉ። ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡ ከዚህም በላይ የድግግሞሻቸው ድምርና ልዩነት ይወለዳል። በ200 እና በ300 ሄርዝ ያሉ ሁለት ድምፆች 500 እና 100 ሄርዝ ይጨምራሉ። 100 ሄርዝ ከ200 አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጥሩ ደጋፊ ይሆናል። ግንኙነታቸው ያልተመጣጠነ ድምፆች ሲሆኑ ግን የሚወለደው ሁከት ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ምንጮች 10 ላይ ማድረግና 4 ላይ አድርጎ መጨረሻ ላይ ድምፁን ማጉላት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሻካራ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች ይህን ሻካራነት ፈልገው የጆሮ ማዳመጫውን መውጫ መልሰው በውጭ ድምፅ መግቢያው ላይ ይሰኩታል።

ፊልተር

ሚኒሙግን ዝነኛ ያደረገው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1969 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፊልተር ነው። ትራንዚስተሮቹ በሥዕሉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ መሰላል ስለሚደረደሩ «የመሰላል ፊልተር» ይባላል። ወፍራሙን ያሳልፋል፣ ከተወሰነ ወሰን በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል። ቅነሳው በአንድ ኦክታቭ 24 ዴሲቤል ነው። ወሰኑ 1000 ሄርዝ ላይ ቢቀመጥ በ4000 ሄርዝ ያለው ሐርሞኒክ በ2000 ካለው በግምት ተጨማሪ 16 እጥፍ ይደክማል።

ወሰኑ ላይ ያለውን ድምፅ ለይቶ የሚያጎላ ኤምፋሲስ የተባለ ማዞሪያም አለ። ሲጨምር ድምፁ «ኧው» እንደሚል አፍ ይሆናል። እጅግ ሲጨምር ፊልተሩ ራሱ ማፏጨት ይጀምራል፤ የሚያወጣውም ሳይን ሞገድ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ፊልተር ኤምፋሲስ ሲጨምር ወፍራሙ የድምፁ ክፍል ይሳሳል። መፍትሔው ወደ ሚክሰሩ ተመልሶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለውን ኦሲሌተር ጨመር ማድረግ ነው።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው ሕግም እዚህ ይታያል። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ብቻ ገብቶ ፊልተሩ ቢዘጋ ቢከፈት ለውጡ ትንሽ ነው፤ የሚቀነስ ሐርሞኒክ ብዙም የለውምና። የመጋዝ ጥርስ ሲደባለቅበት ግን ያው ማዞሪያ ሰፊ ለውጥ ያመጣል።

ኢንቨሎፕ፦ ድምፁ በጊዜ ውስጥ

ኢንቨሎፕ አንድ ቁልፍ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ይወስናል። ሚኒሙግ ሁለት ኢንቨሎፖች አሉት፤ አንዱ ለድምፁ መጠን፣ ሌላው ለፊልተሩ። እያንዳንዱ ሦስት ማዞሪያ አለው፦ መነሻ (ድምፁ ጣሪያው እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ)፣ መውረጃ (ከጣሪያው የሚወርድበት ጊዜ) እና መቆያ (ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ የሚጸናበት ደረጃ)። ጆሮ አንድን መሣሪያ የሚለየው በአብዛኛው በመነሻው ቅጽበት ስለሆነ፣ ይህን ክፍል መለወጥ ሞገዱን ከመለወጥ የበለጠ ውጤት ሊኖረው ይችላል።

ሦስት ምሳሌዎች

የሚከተሉት አቀማመጦች የባህል መሣሪያዎችን ድምፅ የሚተኩ አይደሉም። ክፍሎቹ እንዴት እንደሚተባበሩ ለማሳየት ግን ይጠቅማሉ፤ በማንኛውም ተመሳሳይ ክፍሎች ባሉት ሲንተሳይዘርም ሊሞከሩ ይችላሉ።

ዋሽንት መሰል። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ያለው አንድ ኦሲሌተር ይከፈታል፤ ሮዝ ኖይዝ በጣም በጥቂቱ ይጨመርበታል። መነሻው በሴኮንድ 1/20 አካባቢ ይሁን፣ መቆያው ከፍ ይበል። ሦስተኛው ኦሲሌተር ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ወርዶ፣ ከቁልፎቹ ተለያይቶ፣ በሴኮንድ 5 ጊዜ ያህል ቅኝቱን እንዲያወዛውዝ ይደረጋል። በሚክሰሩ ላይ ግን መጥፋት አለበት፤ ሥራው ሌላውን ማንቀሳቀስ እንጂ መሰማት አይደለም።

ማሲንቆ መሰል። ደጋን ክርን ቀስ ብሎ እየጎተተ ድንገት ስለሚለቀው የሚፈጠረው ሞገድ ለመጋዝ ጥርስ ቅርብ ነው። አንድ የመጋዝ ጥርስ ኦሲሌተር፣ ጥቂት ኖይዝ፣ ወሰኑ መካከል ላይ የተቀመጠ ፊልተርና መጠነኛ ኤምፋሲስ የአፍንጫ ቃና ይሰጡታል። ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተቻው (ግላይድ) ጣት በክር ላይ የሚሳብበትን ያመጣል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ መጫወት እዚህ ጉድለት አይሆንም።

ክራር መሰል። ክር ከርዝመቱ ሩብ ላይ ሲመታ 4ኛው፣ 8ኛውና 12ኛው ሐርሞኒኮች ይጠፋሉ። የላይኛው ክፍሉ ሩቡን ብቻ የያዘ ፐልስ ሞገድም የሚጎድሉት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ሰፋ ያለው ፐልስ ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ 0፣ መውረጃ ግማሽ ሴኮንድ አካባቢ፣ መቆያ 0 ይሁን። የፊልተሩ ኢንቨሎፕ ከመጠኑ ኢንቨሎፕ ፈጥኖ ቢወርድ፣ ልክ እንደ እውነተኛ ክር ቀጫጭኑ ሐርሞኒክ ቀድሞ ይጠፋል።

ብዙ ድምፆችን በአንድ ሙዚቃ ውስጥ

ለብቻው የሚያምር ድምፅ ከሌሎች ጋር ሲሆን ሊያስቸግር ይችላል። ሦስት የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ያለው ቤዝ ለብቻው ግዙፍ ነው፤ ነገር ግን ሐርሞኒኮቹ ድምፃዊው የሚዘፍንበትን ክልል ይሞላሉ። የተለመደው መፍትሔ ድምፃዊውን ማጉላት ነው። የተሻለው ግን የቤዙን ፊልተር ዝቅ ማድረግ ወይም አንዱን ኦሲሌተር ከሚክሰሩ ማጥፋት ነው፤ በዚህ ሁለቱም ቦታ ያገኛሉ። እንዲሁም በቤዝ ላይ በቅኝት የተለያዩ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ኦሲሌተሮች በምታቸው ምክንያት አንዳንዱን ኖታ ባዶ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለሆነም ለቤዝ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ረዳት ማድረግ ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ

የዋሊያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ባዘጋጀው አልበም አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አቀናጅቶ የቆዩ ዜማዎችን ተጫውቷል። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ቅንብር ውስጥ የሳክስፎንና የትራምፔት ቦታ በኪቦርድ እየተተካ መጥቷል። በዚህ የተነሣ የመሣሪያው ድምፅ አመራረጥ የዘፈኑን መልክ የሚወስን ሆኗል።

ከሚኒሙግ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 አምስት ኖታዎችን በአንድ ጊዜ ከመጫወቱም በላይ የተበጁ ድምፆችን በማስታወሻው ማስቀመጥ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ደግሞ አንዱን ሞገድ በሌላው ሞገድ በማወዛወዝ ድምፅ የሚፈጥር ዲጂታል መሣሪያ ነበር። ማዞሪያ ስለሌለውና አሠራሩ ከባድ ስለነበር አብዛኛው ተጫዋች ከፋብሪካ የመጡትን ድምፆች እንዳሉ ተጠቀመባቸው። በዚህም ምክንያት ተመሳሳይ ድምፅ በዘመኑ በብዙ አገሮች ዘፈኖች ውስጥ ይሰማል።

ዛሬ የሚኒሙግን አሠራር የሚከተሉ ነጻ የኮምፒውተርና የስልክ ፕሮግራሞች ስላሉ ውድ መሣሪያ የሌለው ተማሪም ሊለማመድ ይችላል። ለጀማሪ የሚመከረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ሁሉንም ምንጭ አጥፍቶ ፊልተሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት፤ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ከፍቶ ሞገዶቹን ማዳመጥ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ማስገባት፤ ድብልቁ ሲስማማ ፊልተሩን መዝጋት፤ ኢንቨሎፑን በመጨረሻ ማስተካከል። በየደረጃው አንድ ማዞሪያ ብቻ የሚነካ ሰው የሰማው ለውጥ ከየት እንደመጣ ያውቃል።